የማን ልጅ ነህ?

(በደሴ ከተማ ለቴክኒክና ሙያ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ተማሪዎች፣

አባቶች ዱአ አድርገውና መርቀው መድረኩን ስለከፈቱልን እኔ መግቢያ አላበዛም። ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ በሙያችሁ ምክንያት አንድ ቀን ከአገር መውጣታችሁ ስለማይቀር፣ በጨርቃ ጨርቅ ማሽን ጥገና ሥራዬ በሄድኩባቸው አገሮች ሁሉ ስለተከተለኝ አንድ ነገር ልነግራችሁ መጥቻለሁ። እሱም መልኬን አይቶ ከየት እንደመጣሁ የሚያውቅ ሰው አለመገኘቱ፣ ይልቁንም ሁሉም የየራሱን ግምት እየሰጠኝ ማለፉ ነው።

የእናቴ አገር ባቲ ነው፤ አባቷ ኦሮሞ፣ እናቷ አርጎባ ነበሩ። የአባቴ አባት የየጁ አማራ ሲሆኑ፣ የአባቴ እናት ደግሞ ለንግድ ከየመን ተሻግሮ መጥቶ ደሴ ላይ የቀረ ሰው ልጅ ነበሩ። ይህን መዘርዘሬ በዚህ አዳራሽ ማንንም እንደማያስደንቅ አውቃለሁ፤ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ብትጠይቁት ከዚህ የባሰ የተጠላለፈ ሊነግራችሁ ይችላል። እኛ ሦስት ልጆች ነን። ታላቅ ወንድሜ ጠይም፣ ጸጉሩም ከርዳዳ ነው፤ እህቴ ቀይ፣ ጸጉሯ ሉጫ ነው፤ እኔ በሁለቱ መካከል የቀረሁ ቀይ ዳማ ነኝ።

የመጀመሪያው የውጭ አገር ጉዞዬ ባቲ ነበር ብል አትሳቁብኝ። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው፤ ነገር ግን በልጅነቴ እናቴን ተከትዬ ሰኞ ገበያ ስገባ ግመል የሚስበው ሰው በአፋርኛ፣ በሬ ሻጩ በኦሮምኛ፣ ጤፍ ሻጯ በአማርኛ ያናግሩኝ ነበር። ሁሉም የራሳቸው ልጅ መስያቸው ነው። ግራ መጋባቴን ሲያዩም ሁሉም ወደ አንድ ጥያቄ ይመጣሉ፤ «የማን ልጅ ነህ?»

አንዲት ቅቤ ሻጭ እናት እስካሁን ትዝ ይሉኛል። የእናቴን ስም ነገርኳቸው፤ አላወቋትም። የአያቴን ስም ነገርኳቸው፤ «የቱ? የወፍጮ ቤቱ ጎረቤት?» አሉ። እንዲህ እንዲህ እያልን አምስተኛው ስም ላይ ስንደርስ የሟች ባላቸው ዘመድ ሆኜ ተገኘሁ፤ ወዲያው በጣታቸው ከቅሉ ቅቤ ዛቅ አድርገው አናቴ ላይ ለደፉልኝ። እናቴ ስትመጣ ቅቤው በግንባሬ እየወረደ ነበር። በሌላ አገር «ምንድን ነህ?» የሚል ጥያቄ በገጠመኝ ቁጥር ይህን ቅቤ አስታውሳለሁ፤ ምክንያቱም ያኛው ጥያቄ የሚፈልገው አንድ ቃል ሲሆን፣ የእኚህ እናት ጥያቄ የፈለገው ሰዎችን ነበር።

በሥራ ምክንያት ራቅ ብዬ የሄድኩት መጀመሪያ ወደ ሕንድ ነው። ኮይምባቶር በታሚል ናዱ ግዛት የምትገኝ፣ በጨርቃ ጨርቅና በማሽነሪ ሥራዋ የታወቀች ከተማ ናት። አንድ ቀን አብሮኝ ከሚሠለጥን የሰሜን ሕንድ ልጅ ጋር አውቶቡስ ተሳፈርን። ቲኬት ቆራጩ የቆዳ ቦርሳ ያነገተ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነበር። ያንን ሕንዳዊ በእንግሊዝኛ አናገረውና ወደ እኔ ዞሮ በታሚልኛ ቀጠለ። እንዳልገባኝ በእጄ ባሳየው ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ደግሜ ባሳየው ተቆጣ። ጓደኛዬ በሳቅ ሲንፈራፈር ሽማግሌው በገዛ አገሬ ቋንቋ ለመናገር የኮራሁ ሳይመስለው አልቀረም። በአገሩ ዜግነቱ የተረጋገጠው ሰው እንግዳ፣ ከሐረጎ ዳገት ማዶ የመጣሁት እኔ ደግሞ የቤት ልጅ ሆንን።

ከዚያ በኋላ ያስተዋልኩት ነገር ግምቱ ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ገማቹ የሚናገር መሆኑን ነው። ሰው የሚገምተው በቅርቡ የሚያውቀውን ነው። ዱባይ አውሮፕላን ስቀይር በኡርዱ ተናግረውኛል፤ ሚላኖ ባቡር ጣቢያ አንድ ኤርትራዊ ከሩቅ «ከመይ ኣለኻ» ብሎ እጁን ዘርግቶ መጥቷል። ይኼኛው ደስ ብሎኛል፤ ቢያንስ ከቀይ ባሕር ብዙ አልራቀም።

ሁሉም ግን እንዲህ የሚያስቅ አይደለም። በአንድ የአውሮፓ አውሮፕላን ማረፊያ ፓስፖርቴን የተቀበለኝ መኮንን ስሞቼን ደጋግሞ አነበበ። እንደምታውቁት እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራሳችንን፣ የአባታችንንና የአያታችንን ስም ነው የምንጽፈው። የእኔ የክርስቲያን፣ የአባቴ የሙስሊም፣ የአያቴ ተመልሶ የክርስቲያን ነው። እዚህ ዕድርተኛው ሁሉ እንዲህ ስለሆነ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። ሰውዬው ግን ሃይማኖቴን ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ፣ መልሴ ከሦስቱ ስሞች ጋር አልገጥም ስላለው ለብቻ ክፍል አስገብቶ አንድ ሰዓት ተኩል አስቀመጠኝ። የዋሸሁት ነገር አልነበረም፤ የስሞቹ ቅደም ተከተል ነበር ውሸት የመሰለው።

ኬፕታውን የሄድኩት ወንድሜን ለመጠየቅ ነው። እዚያ በአፍሪካንስ ቋንቋ ያናግሩኛል፤ «ከለርድ» ከሚባሉት፣ ማለትም ቅይጥ ዝርያ አላቸው ከሚባሉት ነዋሪዎች ጋር ስለምመሳሰል ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የአፓርታይድ መንግሥት ሕዝቡን በዘር የሚመዘግብ ሕግ አወጣ፤ መልኩ የሚያጠራጥር ሰው ሲገኝ ጸጉሩ ውስጥ እርሳስ ሰክተው ይወድቅ እንደሆነ የሚመለከቱበት ጊዜ ነበር። በዚሁ ዓመት የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ ዘር የሚኖርበትን ሰፈር ለየ። ይህን ስሰማ ማዶ የተቀመጠውን ወንድሜን አየሁት። የአንድ እናት ልጆች ነን፤ እዚያ በዚያ ዘመን ተወልደን ቢሆን ኖሮ እርሳሱ የእህቴ ጸጉር ላይ ይንሸራተታል፣ የእሱ ላይ ተሰክቶ ይቀራል፣ ሦስታችንም በተለያየ ሰፈር እናድግ ነበር። በነገራችን ላይ ወንድሜ እዚያ ሱቅ አለው፤ እኔ አፌን እስክከፍት ድረስ የአገር ሰው ነኝ፣ እሱ ግን ዝም ቢልም መጤ ነው። የውጭ ዜጎች ሱቅ ሲዘረፍ የእሱም አብሮ ተዘርፏል።

እህቴ ቤይሩት አምስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። ከእናንተ ወላጆች መካከል ልጁ ዐረብ አገር ያልሄደችበት ጥቂት ስለሆነ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ገበያ ስትወጣ የአገሩ ሴት ትመስላቸውና በዐረብኛ «እህቴ» እያሉ ዋጋ ይነግሯታል፤ ደመወዟ ግን በመልኳ አልወጣም። ለዚያው ሥራ ፊሊፒናዊቷ ከእሷ የበለጠ ይከፈላት ነበር፤ ደመወዙ የሚወሰነው በያዙት ፓስፖርት ነውና። ለመልክ ብዙ ዋጋ የምትሰጡ ልጆች ይህችን ያዙልኝ።

ከውጭ አገር ተመልሼ ስለራሳችን ሳልናገር ብቀር ደግሞ ትዝብት ላይ እወድቃለሁ። «ወሎ ገራገሩ» ሲባል እኔም ደስ ይለኛል፤ ቅይጥነታችን ግን በፍቅር ብቻ የመጣ አይደለም። ከዚህ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ፣ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ ጠርተው የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ሲገደዱ፣ መሐመድ አሊ የነበሩት ሰው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ደሴን መቀመጫቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል እኚሁ ናቸው። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ደግሞ እስልምናን ተቀብለዋል ተብለው፣ አለባበሳቸው ሳይቀር ተቆጥሮባቸው፣ ሐረር ጉዞ ላይ እንዳሉ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከሥልጣን ተሻሩ። መንገድ ላይ ያለ ሰው ምን ይመስላል የሚለው ጥያቄ ይህችን ከተማ አንድ ጊዜ ዙፋን አስከፍሏታል።

እኔም ብሆን በአንድ መሥሪያ ቤት መታወቂያ ሳወጣ «ብሔር» በምትለው መስመር ላይ ምን ልበል ብዬ ሳመነታ፣ ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝና የመሰለውን ጻፈበት። የኮይምባቶሩን ቲኬት ቆራጭ ያህል እንኳን አልጠየቀኝም።

ስለዚህ የምትሄዱ ልጆች፣ «ከየት ነህ?» ሲሏችሁ ረዘም አድርጋችሁ መልሱ። ጠያቂው ከቸኮለ ይተዋችኋል፤ ካልቸኮለ ግን እሱም ስለ አያቱ መናገር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የኮይምባቶሩ ጓደኛዬ ያንኑ ማታ የእናቱ እናት ከሌላ ግዛት መጥታ እንዳገባች፣ ቋንቋዋን ለልጆቿ ሳታስተምር እንደሞተች አጫውቶኛል።

ባለፈው ወር ከጉዞ ተመልሼ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ስወርድ አንድ ወጣት የታክሲ ሹፌር በእንግሊዝኛ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ሻንጣዬን ተቀበለኝ። በአማርኛ ስመልስለት ክው አለ፤ ቀጥሎም በመስተዋቱ እያየኝ «የማን ልጅ ነዎት?» አለኝ። ሐረጎ ዳገት ላይ ስንደርስ የእናቱ አክስትና የእኔ አያት በአንድ ግቢ ይኖሩ እንደነበር ደርሰንበት ነበር፤ ፒያሳ ስንወርድም አገላብጦ ሳመኝ። ሒሳቡን ግን ያው እንደ ውጭ ሰው አስከፈለኝ።

አመሰግናለሁ።