ስዊዝ ላይ የመጣው ሂሳብ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬም እኔና ማይኩ ብቻ ነን።

ሰሞኑን "አሜሪካ አበቃላት፣ ተራው የቻይና ነው" የሚለውን ወሬ ያልሰማሁበት ቀን የለም። ማስረጃው ሁሌ ታሪክ ነው። ስፔን ወደቀች፣ ሆላንድ ተከተለች፣ ከዚያ እንግሊዝ። ዕዳ፣ ጦርነት፣ ውድቀት። እኔም ይሄን ሰንሰለት ስወደው ኖሬያለሁ። ዓለም የገባኝ ይመስለኝ ነበር።

ግን እስቲ 1956ን እንየው፤ የማወራው በፈረንጆቹ ነው። ሐምሌ ላይ የግብፁ መሪ ናስር የስዊዝ ካናልን ወረሰ። እንግሊዝ ከፈረንሳይና ከእስራኤል ጋር ሆና ግብፅን ወጋች። በውጊያው አልተሸነፉም፤ ፖርት ሰኢድን ይዘው ወደ ደቡብ እየገፉ ነበር። እንግሊዝን ያስቆማት ጥይት ሳይሆን የራሷ ፓውንድ ነው። ገበያው ፓውንድ መሸጥ ጀመረ፣ የዶላር ክምችቷ ቀለጠ። ብድር ስትፈልግ ደግሞ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በሩን ዘጋባት፤ መጀመሪያ ግብፅን ልቀቁ ነው ነገሩ። ጦርነቱን አጥብቆ ሲደግፍ የነበረው የገንዘብ ሚኒስትሩ ማክሚላን፣ ካቢኔው ፊት ቀርቦ ይቁም አለ። ጥር ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤደን ሥልጣን ለቀቀ። ማን ተካው? ማክሚላን! እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌ ሳቄ ይመጣል።

እኔን የሚገርመኝ ጊዜው ነው። የአሜሪካ ኢኮኖሚ የእንግሊዝን የበለጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። በ1944 አሜሪካ ውስጥ ብሬተን ውድስ በሚባል ቦታ የ44 አገራት ተወካዮች ተሰብስበው ዶላርን የዓለም የገንዘብ ሥርዓት መሃል ላይ አስቀምጠዋል። ለንደን ግን ጡረታ ወጥቶ የቢሮውን ቁልፍ እንዳልመለሰ አለቃ ነበረች። ሂሳቡ የመጣው ስዊዝ ላይ ነው።

ታዲያ ሰንሰለቱ ልክ ነው? ጃፓንን ሳስብ እጠራጠራለሁ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቀጣይዋ እሷ ናት ያሉ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። የቶኪዮው የአክሲዮን ገበያ መለኪያ ኒኬይ ግን በ1989 መጨረሻ የደረሰበትን ጣሪያ መልሶ ለማለፍ እስከ 2024 ፈጀበት። ሰንሰለቱ ማን እንደደከመ ይጠቁም ይሆናል፤ ማን እንደሚተካና መቼ እንደሆነ ግን አይነግረኝም።

ስለዚህ አሁን የኢኮኖሚ ደረጃ ሰንጠረዥ ብዙም አያጓጓኝም። የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ሰው ሲደነግጥ ወደ ማን ገንዘብ ይሸሻል? በ2008 የፋይናንስ ቀውሱ የተነሳው ከራሷ ከአሜሪካ ነው። ዓለም ግን የሮጠው ወደ ዶላር ነበር። በ1956 ከፓውንድ ነበር የሚሸሸው።

ለዛሬ ይብቃኝ። ሳምንት የስፔኑ ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊጶስ ያ ሁሉ የብር ማዕድን ከአሜሪካ አህጉር እየጎረፈለት እንዴት አራት ጊዜ ዕዳ መክፈል እንዳቃተው እናያለን። ቻው!