የበቆሎውን ልብ ገልጣችሁ እዩ፦ ስለ መጤ ተምች የአድማጮች ጥያቄና መልስ

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ሳምንት በስልክ የደረሱን ጥያቄዎች ብዙ ስለነበሩ አየር ላይ ያልጨረስናቸውን ጨምሬ እዚህ አስቀምጫቸዋለሁ። አብዛኞቹ ከኮምቦልቻ ዙሪያ፣ ከቃሉና ከሐርቡ የመጡ ናቸው። ከደሴም አሉ። ብዙዎቹን በየዓመቱ እሰማቸዋለሁ፤ አይሰለቹኝም። ሰው የሚደውለው ማሳው አሳስቦት ነው።

ከሐርቡ አንድ አባት፦ «ተምች ድሮም ነበረብን። አሁን መጤ የምትሉት ከድሮው በምን ይለያል? ወይስ ስሙን ነው የቀየራችሁት?»

አባባ፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የድሮው ተምች የአፍሪካ ነው። በመንጋ ይመጣል፣ መሬቱን አጥቁሮ ሜዳውን ግጦ ያልፋል። መጤው ደግሞ የአሜሪካ ምድር ተባይ ነው፤ ትሉ አድጎ ክንፍ ሲያወጣ የእሳት እራት ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ በሰልፍ አይሄድም። በየበቆሎው ልብ፣ ለጋው ቅጠል ተጠቅልሎ በሚወጣበት ውስጥ፣ አንድ ሁለት ሆኖ ይደበቃል። ለዚህ ነው ሰው ዘግይቶ የሚያየው።

ለመለየት ትሉን መዳፍዎ ላይ ያድርጉት። ግንባሩ ላይ ተገልብጦ የቆመ ባላ የመሰለ ነጣ ያለ መስመር አለው። ወደ ጅራቱ ሲያዩ ደግሞ አራት ጥቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ተቀምጠዋል። ሁለቱን አብረው ካገኙ መጤው ነው። ሳይለዩ ግን አይርጩ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ።

ከኮምቦልቻ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ «የእሳት እራት ውቅያኖስ አቋርጣ መጣች ነው የምትሉን? ደግሞስ ጥቂት ሆና ከመጣች ዘሯ ተዳክሞ መጥፋት አልነበረባትም?»

ጎበዝ ልጅ፣ ጥያቄሽ ትልቅ ነው። ውቅያኖሱን በክንፏ እንዳላቋረጠች ነው የሚታመነው። ከዕቃ ጭነት ጋር ወይም በአውሮፕላን ሳትገባ አልቀረችም። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ነው። በዓመቱ፣ በእኛ 2009 ዓ.ም.፣ ደቡብ ኢትዮጵያ ደረሰች። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ40 በላይ የአፍሪካ አገሮችን አዳረሰች። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕንድ፣ በ2019 ቻይና፣ በ2020 አውስትራሊያ ገባች። የብስ ላይ ከደረሰች በኋላ ክንፏ ይበቃታል። ነፋስ ከረዳት በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ትበራለች።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ላይ የተማርሽው ልክ ነው። ጥቂቶች ብቻ አዲስ አገር ሲገቡ የዘረመል ስብጥራቸው፣ ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርሱት ባሕርይ ዓይነት፣ ይጠባል። ከትልቅ ጆንያ አንድ እፍኝ እህል ዘግነሽ ብትዘሪ፣ እፍኝሽ ውስጥ ያልገባው ዓይነት ማሳሽ ላይ አይበቅልም። አፍሪካ የገባችውም የአገሯን ስብጥር ሁሉ ይዛ አልመጣችም። ዘረመሏ ከፍሎሪዳና ከካሪቢያን ደሴቶች አካባቢ ካሉት ጋር በጣም ይቀራረባል።

ታዲያ ለምን አልጠፋችም? አንደኛ፣ አንዷ እናት በሕይወቷ ከ1,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች። ትንሽ ሆኖ የገባ ቶሎ ብዙ ከሆነ ጥበቱ ሳይጎዳው ያልፋል። ሁለተኛ፣ ይህች የእሳት እራት ሁለት ዘር አላት። አንዱ በቆሎ የሚወድ፣ ሌላው ሩዝና ሣር የሚወድ። አፍሪካ ውስጥ ብዙዎቹ የሁለቱን ምልክት ተቀላቅለው ይዘዋል። ሦስተኛው የሚያሳስበኝ ነው፤ እፍኙ ትንሽ ቢሆንም ለእኛ የሚከፋው ዘር ውስጡ ነበር። እሱን ከታች ለቃሉው ወንድማችን ስመልስ ታገኚዋለሽ። ለክፍል ጓደኞችሽም አንብቢላቸው።

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፦ «እኛ ብርድ አገር ነን። እዚህ አይወጣም አይደል?»

ይወጣል። በርሮ መድረስ አያቅተውም፤ ከኮምቦልቻ ደሴ ለእሱ የአንድ ሌሊት መንገድ እንኳን አይሞላም። ብርዱ የሚያደርገው እድገቱን ማዘግየት ነው። 32 ዲግሪ ሙቀት ላይ ከእንቁላል ተነስቶ ክንፍ ለማውጣት 20 ቀን ገደማ ይበቃዋል። 18 ዲግሪ ላይ ግን 71 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ቆላው ላይ ሦስት ጊዜ ሲፈለፈል ደጋው ላይ አንዴ ነው። ጓሯችሁ ያለችውን በቆሎ ግን አትርሷት። ጠዋት ጠዋት ልቧን ገልጣችሁ እዩ።

ከኮምቦልቻ፦ «ትል የነካው እሸት ይበላል?»

የተበላውን ጫፍ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ቀሪው ይበላል። የተረጨ ከሆነ ግን ዕቃው ላይ የተጻፈው ቀን ሳይሞላ ለልጅ እንዳትሰጡ።

«የመንገድ መብራት ነው የሚያመጣብን ይባላል፤ እውነት ነው?»

አያመጣም። ያለውን ይሰበስበዋል።

ከቃሉ አንድ ወንድም፦ «በአንዱ መድኃኒት አልሞት አለኝ። ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ብዬ ሦስት ዓይነት ቀላቀልኩ፣ መጠኑንም እጥፍ አደረግሁ። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። አሁን ምን ልጨምርበት?»

ምንም እንዳትጨምርበት። ወንድሜ፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም አንተን እያሰብኩ ነው ያመሸሁት። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ይህን የምታደርገው አንተ ብቻ አይደለህም።

ተረቱ የተነገረው ለሰው ጉልበት ነው። ለመርዝ አይሠራም። ሦስት መርዝ አንድ በርሜል ውስጥ ሲገናኝ ምን እንደሚሆን አንተም ሻጩም አታውቁም። አንዱ ሌላውን ሊያከሽፈው ይችላል። ሳንባህ ላይ ግን ሦስቱም ይደርሳሉ።

መጀመሪያ የረጨኸው ለምን እንዳልሠራ ልንገርህ። ትሉ እስኪያድግ ስድስት ደረጃ ያልፋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ትንሽ ነው፣ ቅጠል ላይ ነው፣ መድኃኒት ያገኘዋል። ካደገ በኋላ የበቆሎው ልብ ውስጥ ይገባና መግቢያውን በገዛ ኩሱ ይደፍነዋል። ያ የመጋዝ ብናኝ የመሰለ ነገር እሱ ነው። በስልክ እንደነገርከኝ፣ አንተ የረጨኸው ያንን አይተህ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ጠንክሮ ነው። መድኃኒቱ ደክሞ ላይሆን ይችላል፤ ትሉ ጋ አልደረሰም።

አሁን ወደ ዘሩ እንምጣ። ማሳህ ላይ ካሉት ትሎች መካከል ጥቂቶቹ መርዙን የሚችል ዘረመል ይዘው ይወለዳሉ። ስትረጭ ደካሞቹ ይሞታሉ። የሚችሉት ይተርፋሉ፣ እርስ በርስ ይጋባሉ፣ ልጆቻቸውም ይችላሉ። ሦስት ዓይነት ስትረጭባቸው ሦስቱንም የሚችለውን እየመረጥክ እያረባህ ነው። ምርጥ ዘር እንደምትመርጠው ማለት ነው፤ የምትመርጠው ግን ጠላትህን ነው። ደግሞም ከባዶ አልጀመሩም። አሜሪካ ምድር ላይ ገበሬው ለብዙ ዓመታት ሲረጭባቸው ኖረው ነው የመጡት። እነ ማላታይን ያሉበትን የመድኃኒት ቤተሰብ የሚቋቋም የዘረመል ለውጥ አፍሪካ ከገቡት ላይ ተገኝቷል። ተማሪዋ የጠየቀችው እፍኝ ውስጥ የነበረው ይህ ነው።

የገደልካቸውን ወዳጆችህንም ላስታውስህ። ትሉ ሰውነት ውስጥ እንቁላሏን የምትጥል ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ አለች። ልጆቿ ትሉን ከውስጥ በልተው ይወጣሉ። መጤው በገባ በጥቂት ጊዜ ውስጥ እዚሁ አገራችን በተደረገ ጥናት፣ በአንዳንድ ቦታ ከተሰበሰቡት ትሎች ከ33 እስከ 45 በመቶ የሚሆኑት በአንዷ የአገራችን ተርብ ተይዘው ተገኝተዋል። ያለ ደመወዝ የምትሠራልህ ናት። የአንተ ሦስት መርዝ መጀመሪያ የጨረሰው እሷን ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ጠዋት በዚግዛግ እየሄድክ ማሳህን ተመልከት። አምስት ቦታ ቁም፣ በየቦታው 20 በቆሎ እይ። 100 ሆነ። በቆሎው ገና ለጋ ሆኖ የተያዘው ከ20 በታች ከሆነ መርጨት አያስፈልግህም። ልጆችህን ይዘህ እንቁላሉንና ትሉን በእጅ ልቀም፣ ጨፍልቅ። እንቁላሉ ቅጠል ላይ በክምር ተለጥፎ፣ ፀጉር የመሰለ ነገር ለብሶ ታገኘዋለህ። ከ20 ካለፈ የቀበሌህን የግብርና ባለሙያ ጥራ። አንድ ዓይነት፣ በተጻፈው መጠን፣ ጠዋት ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ። በሚቀጥለው ጊዜ ከሌላ ቤተሰብ የሆነ መድኃኒት ይመርጥልሃል። በቆሎው ጽጌ ካወጣ ግን መርጫውን ስቀለው። ከዚያ ወዲያ ገንዘብህን ነው የምትረጨው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በምን በጠበጥከው? በእጅህ? በምን ቀዳኸው? ጀሪካኑስ የት ነው? የመድኃኒት ዕቃ ታጥቦ ለዘይትና ለውሃ ሲውል በዓይኔ አይቻለሁ። እባካችሁ። ታጥቦ አይጠራም። ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፣ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምሩት፣ ዕቃውን ብሱት፣ ለግብርና ባለሙያው አስረክቡ። አታቃጥሉት።

ከቦርከና ዳር አንዲት አትክልት አልሚ፦ «የቲማቲሜ ቅጠል ነጭ መስኮት እየመሰለ ይደርቃል። ፍሬው ላይም የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል አለ። ይኸው ተምች ነው?»

አይደለም። የነገርሽኝ ሁሉ ቱታ አብሶሉታ ይመስላል። እሷም መጤ የእሳት እራት ናት፣ ከደቡብ አሜሪካ። እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ገባች፣ በ2012 ደግሞ እኛ አገር ተገኘች። ዘረመሏን የመረመሩ ሰዎች በሜድትራኒያን ዙሪያ የተስፋፋችው ከመካከለኛው ቺሊ አንድ ጊዜ ብቻ ከወጣች ዘር ነው ይላሉ። አንድ ሳጥን ቲማቲም ምን እንደሚያደርግ ከዚህ አስቢው።

ትሏ የምትኖረው በቅጠሉ ሁለት ገጽ መሀል ነው። ላዩን ብትረጪ አታገኛትም። የተያዘውን ቅጠልና ፍሬ ለቅመሽ ላስቲክ ውስጥ አስረሽ ፀሐይ ላይ አቆዪው። ማሳው ዳር አትከምሪው። ከገበያ የተመለሰ ሳጥን ሳታጥቢ ማሳ አታስገቢ። ችግኝ ስትገዢ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጠሽ እይ። በቀጣዩ ወቅት እዚያው መሬት ላይ ቲማቲምም ድንችም አትድገሚ፤ ዘመዳሞች ናቸው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቅጠል ይዘሽ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሂጂ፤ ባለሙያ በዓይኑ ይየው።

«አመድና አፈር ልብ ውስጥ መጨመር ይረዳል?»

ትሉ ትንሽ ሳለ ይረዳል፤ ብዙ ገበሬዎች ያደርጉታል። በተን አድርጉ፣ ልቡን አትድፈኑት። በየቀኑ ማየቱን ግን አይተካም።

ስልክ ላይ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ የነበረች እህት፦ «ባለቤቴ ትናንት ረጭቶ ከመጣ ጀምሮ ያስመልሰዋል፣ ምራቁ ይዝረከረካል፣ ዓይኔ ደበዘዘብኝ ይላል። ወተት ሰጠሁት። ሌላ ምን ልስጠው?»

ይህን ጥያቄ ሌላውን ሁሉ አቁሜ ነው የመለስኩት። ለሌሎቻችሁም እዚህ ልድገመው።

ወተት የመርዙ ማርከሻ አይደለም። ሌላ ነገርም አትስጪው፣ በግድ አታስመልሺው። የረጨበትን ልብስ አውልቂለት፤ አንቺም በባዶ እጅሽ አትንኪው። ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቢው። መኪና ጥሪ። ጎረቤት ጥሪ። መተንፈስ እስኪያቅተው አትጠብቂ። የመድኃኒቱን ዕቃ ከነጽሑፉ ላስቲክ ውስጥ አድርገሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ሐኪሙ ምን እንደሚሰጠው የሚያውቀው ከዚያ ነው። እኔ የተክል ባለሙያ ነኝ። ለባለቤትሽ የሚሆነው ሐኪም ቤት ነው ያለው፣ አሁኑኑ ውሰጂው።