የጾም ምን አለ?

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ሰላም ናችሁ ወገኖች? ከኋላ የምትሰሙት ዝናብ ነው። ሐዋሳ ነኝ፣ ሐምሌ ማለቂያ ላይ ነን፣ የተከራየኋት ክፍል ደግሞ ኮርኒስ የላትም። ያባራል ብዬ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። አላባራ አለ። ስለዚህ ዛሬ እኔና ቆርቆሮው አብረን ነው የምናወራችሁ።

ርዕሴ ሆድ ነው። ሥጋ አልበላም። ስድስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። እንቁላል እበላለሁ፣ ወተት እጠጣለሁ፣ ቅቤ ካገኘሁ ደግሞ አልምረውም። ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣ ግን አልነካም። ነገሩ ቀላል ነው። ለሰው ማስረዳቱ ነው ከባዱ። "ቬጀቴሪያን ነኝ" ስል "መቼ ፈረንጅ ሆንክ?" ይሉኛል። "አትክልት ተመጋቢ ነኝ" ብል ዜና የማነብ ነው የሚመስለው። ሁሉም ሰው የሚገባው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ የጾም።

እና እኔ በዚህ ቃል ነው የምኖረው። ምግብ ቤት ገብቼ እጄን ሳልታጠብ "የጾም ምን አለ?" እላለሁ። ረቡዕ ወይ ዓርብ ከሆነ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። ማክሰኞ ከሆነ ግን አስተናጋጇ ትንሽ ዝም ትላለች። በልቧ ቀን እየቆጠረች እንደሆነ ፊቷ ላይ ይታያል። "ዛሬ ምንድነው?" ምንም አይደለም፣ ማክሰኞ ነው። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። "የጾም" ስትል ሰው የሚሰማው ስለ ቀኑ ነው። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ የሚበላ ሰው አለ ብሎ የሚያስብ የለም።

እንዴት ተውከው የሚለኝ ሰው ትልቅ ታሪክ ይጠብቃል። ሕልም አይቶ ነው፣ በግ ሲታረድ አይቶ ነው። የለም። ኪሴ ነው ያስተወኝ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ስፈልግ ስምንት ወር ሽሮ በሽሮ ሆኜ ከረምኩ። ከዚያ ሥራ ተገኘ፣ የመጀመሪያዋ ደሞዝ ወጣች፣ ጓደኞቼ "ጥብስ ጋብዘን" አሉኝ፣ ጋበዝኳቸው። ሁለት ጉርሻ በላሁና ቆምኩ። ሽታው ከበደኝ። በሚቀጥለው ወርም እንደዚያው። ኪስ የጀመረውን ሆድ ጨረሰው ማለት ነው። ስለ እንስሳቱ ማሰብ የጀመርኩት በኋላ ነው፣ እሱን ሌላ ቀን።

ብዙ ሰው ሁዳዴ የሚከብደኝ ይመስለዋል። ሁዳዴማ 55 ቀን ሙሉ ድግሴ ነው። ለእኔ ከባዱ ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ነው። በሃምሳ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ያን ጊዜ የጾም ስትል "አሁን? በሃምሳ?" ይሉሃል፣ ሃይማኖት የቀየርክ ይመስላቸዋል። ዘንድሮ በዚያው ሰሞን አንድ ምግብ ቤት ገብቼ (ስሙን አልጠራም፣ አሁንም በበሩ ነው የማልፈው) ፓስታ በአትክልት አዘዝኩ። መጣ። ካሮት አለው፣ ፎሶሊያ አለው፣ ያምራል። አንዴ በሹካ ጠቅለል አድርጌ እንደጎረስኩ ምላሴ አወቀው። አስተናጋጁን ጠራሁት።

"ሥጋ አለበት እንዴ?"

"ኧረ የለበትም!"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ሙች ስልህ ወንድሜ፣ ሥጋ የለበትም። መረቁ ብቻ ነው።"

ልቆጣ አስቤ ሳቄ ቀደመኝ። ልጁ እኮ አልዋሸም። እሱ ዘንድ ሥጋ ማለት የሚታኘከው ነው።

ክረምቱ ግን ወገኔ ነው። ሃምሳው አልቆ ጰራቅሊጦስ ባለፈ ማግስት፣ ሰኞ፣ የሰኔ ጾም ይገባል፣ ሐምሌ 5 ይፈታል። ከዚያ አሁን ያለንበት ሐምሌ አለ። ረቡዕና ዓርቡን ይዘህ እንደምንም ትሻገረዋለህ። ከዚያ ነሐሴ 1። ፍልሰታ! 15 ቀን። ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሟት ጾም ናት፣ እና ምግብ ቤቶቹ በአንድ ሌሊት ሌላ ሰው ይሆናሉ። ሐምሌ ላይ በየአይነቱ ስታዝ ሦስት ነገር ነው የሚመጣልህ፤ ሽሮ፣ ጎመን፣ ያደረ ድንች። ነሐሴ ላይ ስታዝ እንጀራው አይታይም። ቀይ ምስር፣ አልጫ ክክ፣ ፎሶሊያ በካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ጥግ ላይ ስልጆ፣ መሐል ላይ አዚፋ። አዚፋዋ ውስጥ ያለችው ሰናፍጭ አፍንጫ ላይ ወጥታ እንባ ታስመጣለች። ቀዝቃዛ ምግብ ሆና ሰውነት ታሞቃለች፣ በዝናብ ቀን እሷን የሚያህል የለም። ሱፉን ቤቴ ሞክሬው ነበር። ስወቅጥ፣ በውሃ ስበጠብጥ፣ ስጠልል ግማሽ ቀኔ አለቀ፣ የወጣልኝ አንድ ብርጭቆ የማትሞላ ነጭ ውሃ ናት። ከዚያ ወዲህ ሱፍ የሚያቀርብ ቤት ዋጋ ሲጨምር አፌን አልከፍትም።

አንድ የማፍርበት ነገር ልንገራችሁ። በፍልሰታ ጿሚው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምናምን እህል አይቀምስም፣ ቤቱ ጭር ይላል። እኔ ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ይርበኛል። ያንን ሁሉ ምግብ ደርድሬ ብቻዬን ስበላ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ምግቡ የጾም፣ በይው ያልጾመ።

ቤት ውስጥ ግን ኑሮዬ ሽሮ ነው። ሽሮዋ ከአሰላ ነው የምትመጣው፣ እናቴ ናት የምትልክልኝ። ግንቦት ላይ ፀሐይ ሳለ ታዘጋጃታለች፣ ሰኔ ከገባ ቅመም አይደርቅማ። አተሩንና ሽንብራውን አምሳ፣ ከክታ፣ በሶብላና ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምራ ወፍጮ ቤት ትወስደዋለች። ነጭ ሽሮ ስለሆነች ከእሷ በፊት በርበሬ የተፈጨ እንደሆነ ጆንያዋን ተሸክማ ትመለሳለች። ወፍጮ ቤቱ ቢምልላትም አታምንም።

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። ከሰል አያያዝኩ፣ ከሰሉ ረጥቧል። አራት ክብሪት፣ ጭስ፣ ሳል። ሽንኩርት አንድ ራስ ብቻ ነው የነበረኝ፣ በክረምት የሽንኩርትን ዋጋ ታውቁታላችሁ፣ ቲማቲሙም ከዝናቡ ጋር እየበሰበሰ ነው የሚሸጠው። እሷኑ አድቅቄ ከተፍኩ። መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው የማቁላላት፣ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግኩ። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ሽሮ ባይሠራ ይሻላል። ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ውሃ። ውሃው ሲፈላ በአንድ እጄ ሽሮዋን በተን በተን፣ በሌላው ማማሰል። ሁለት እጅ ተይዞ ባትሪ የሚይዝ ሦስተኛ እጅ የለም፣ ስልኬን በጥርሴ ነክሼ ነው። ምራቄ ሲያስቸግረኝ ስልኩን አስቀመጥኩት፣ ጨለማ ሆነ። ያን ጊዜ ድስቷ ማውራት ጀመረች። መጀመሪያ ዝም ብላ ትፈላለች፣ ከዚያ ወፍራም ስትሆን ጷ… ጷ… ትላለች፣ በመሐል ረዥም ዝምታ እያደረገች። እናቴ ሽሮ ስትሠራ ጀርባዋን ለድስቱ ሰጥታ ሌላ ሥራ ትሠራና ድንገት ተነስታ ታወርደዋለች። እንዴት እንደምታውቅ ትናንት ነው የገባኝ። ቃሪያ ለሁለት ሰንጥቄ ጣል አደረግኩና አወረድኩ።

አከራዬ፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ ጾመኛ ናቸው። እኔን ደግሞ ከራሳቸው በላይ ጾመኛ አድርገው ይቆጥሩኝ ነበር። "የዛሬ ልጅ እንዲህ አለ ወይ" እያሉ ለጎረቤት ያወሩልኛል፣ እኔም ዝም፣ ደስ ይላላ። አንድ ረቡዕ ጠዋት ቡና ሊጠሩኝ በሩን ገፋ ሲያደርጉ እንቁላል እየጠበስኩ ነው። መጥበሻውን አዩ። እኔን አዩ።

"አንተ ልጅ፣ በፋሲካ ሥጋ እምቢ ብለህ በረቡዕ እንቁላል?"

አስረዳኋቸው። ሐኪም ያለኝን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ቢ 12 የሚባለው ቫይታሚን እህልና አትክልት ውስጥ እንደማይገኝ፣ ሥጋ ለማይበላ ሰው እንቁላልና ወተቱ እንደሚያስፈልገው። ሰሙኝ፣ ሰሙኝና "እንግዲህ እግዜር ይወቅልህ" ብለው ወጡ። ቡናው ግን አልቀረብኝም።

ጓደኞቼ ቅዳሜ ቁርጥ ቤት ይዘውኝ ይሄዳሉ። እነሱ በቢላና በአዋዜ፣ እኔ በጎመን። "አይ አንተ፣ ጎመን በጤና" ይሉኛል። ይሄ ተረት ጎመንን የሚያሞግስ የሚመስለው ሰው አለ። ስድብ ነው እኮ! ሥጋው ይቅርብኝ፣ ጤናዬን ብቻ ማለት ነው። ክረምት ሲወጣም "የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ" ይባላል። ይገባኛል፣ ድሮ ክረምት ማለት ጎተራው ተሟጦ አዲሱ እህል ያልደረሰበት ጊዜ ነው፣ ሰው ጎመን እየቀቀለ ነው መስከረም የሚደርሰው፣ በመጨረሻ ምንቸቷን ቢያባርራት አይፈረድበትም። የእኔዋ ግን አትወጣም። ዝናብ የጠገበ ጎመን፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ብቻ ገብቶበት፣ ትኩስ ቆጮ ከጎኑ። ሥጋ በሊዎቹም መጨረሻ ላይ ከእኔ ሳህን ነው የሚጎርሱት።

ሐዋሳ ላይ ደግሞ ዓሣ አለ። እንግዳ ሲመጣብኝ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው፣ መውሰድ ግዴታ ነው። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ እንደ ዕድር ሽማግሌ ትከሻቸውን ሰብስበው ቆመው የተጣለ የዓሣ ሆድቃ ይጠብቃሉ። ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በቅጽበት ገፈው ያቀርባሉ፣ እንግዳዬ ጥሬውን በዳጣ ይበላል፣ እኔ ሻይ እጠጣለሁ። "ዓሣ እኮ ሥጋ አይደለም!" የማይለኝ የለም። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ራሳቸው አልጨረሱትም፣ እኔ መሐል ምን ጥልቅ አደረገኝ።

አምና በፍልሰታ ታዲያ እትዬ ከጓዳ ሆነው "ና ዓሣ ብላ" ብለው ጠሩኝ። አሁንማ አበዙት ብዬ ገባሁ። ሳህኑ ላይ እውነትም ዓሣ አለ። ጅራት አለው፣ ክንፍ አለው። የሽንብራ ዓሣ ነው። የሽንብራ ዱቄት ከቅመምና ከዘይት ጋር ታሽቶ፣ ተዳምጦ፣ በቢላ ዓሣ ዓሣ ተደርጎ ተቆርጦ፣ ተጠብሶ፣ ቀይ ወጥ ውስጥ የገባ። ዓይኑን በጥቁር አዝሙድ ነው የሠሩት፣ አንድ አንድ ፍሬ። ሐይቁ እዚህ በእግር የሚደረስ ሆኖ ሴትየዋ ቁጭ ብለው ከሽንብራ ዓሣ ሲቀርጹ ዋሉ። ሦስት በላሁ። እንቁላሏን ይቅር እንዳሉኝ የገባኝ ያን ቀን ነው።

አንዴ ደግሞ የሥራ ባልደረባዬ ይርጋለም ቤተሰቦቹ ጋ ወሰደኝ። ሲዳማዎች ናቸው። መንገዱን ሁሉ ሳስብ የሄድኩት እምቢ የምልበትን አነጋገር ነበር። ቡርሳሜ ቀረበ። ወሳ ነው፣ እኛ ቆጮ የምንለው፣ በቅቤ ርሶ፣ በሸክላ፣ ትኩስ፣ ከአጠገቡ እርጎ። ሥጋ የለበትም። የጾምም አይደለም፣ ቅቤው በጣቴ ላይ እየወረደ ነው። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ከንቱ ቀረ። እናቱ "ብላ" ብቻ ነው ያሉኝ። ጨጨብሳም፣ ገንፎ በቅቤም፣ አይብ በጎመንም እንደዚሁ ናቸው። ከተማ ምግብ ቤት ስትገባ ግን ሜኑው የጾምና የፍስክ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል፣ እነዚህ ወይ ቁርስ ላይ ብቻ አሉ፣ ወይ ጭራሽ የሉም።

አሁን ወደ ጀመርኩት ልመለስና ላብቃ፣ በቆሎ የምትጠብሰዋ ሴትዮ ሳትነሳ መውጣት አለብኝ። ሥራ ቦታዬ አጠገብ የምበላባት ትንሽ ቤት አለች። አስተናጋጇ ታውቀኛለች። የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ የሰኔ ጾም የተፈታ ሰሞን፣ ሽሮዬን አስቀምጣ አልሄድ አለች።

"ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ? አንተ ግን መቼ ነው የምትፈታው?"

ማስረዳት ነበረብኝ። ርቦኛል፣ ሽሮው እየበረደ ነው፣ ኪስና ሆድና እንስሳት ብዬ ከየት ልጀምር? ዝም አልኩ። እሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ስእለት ነው አይደል?" አለችኝ።

"አዎ" አልኩ።

አዎ አልኩ! ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሰው ነኝ። ወጥ ቤቱ "የባለስእለቱ" እያለ ነው የሚያወጣልኝ። ድስቱ ለብቻ ነው፣ መረቅ የነካው ማንኪያ አይገባበትም። ስድስት ዓመት "ቬጀቴሪያን ነኝ" ብዬ ያላገኘሁትን በአንድ ውሸት አገኘሁት። ልነግራት በየቀኑ አስባለሁ፣ በየቀኑ ሽሮው ይጣፍጣል። ትናንት ቃሪያዋን ሁለት አድርጋ መጣችና ጎንበስ ብላ "ደረሰልህ?" አለችኝ።

"እየደረሰ ነው" አልኳት።