የዘንድሮው ጉባኤያችን ለምን ገጠር ፐብ ውስጥ ሆነ? (የሊቀመንበሩ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ እንግዶቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

«ስንት ዓመት ከተማ አዳራሽ ስንሰበሰብ ኖረን ዘንድሮ መጠጥ ቤት ትጠሩናላችሁ?» ያሉን አሉ፤ በተለይ እናቶች። መጠየቃችሁ ደግ ነው። የእንግሊዝ ገጠር ፐብ ግን ሰው ሊሰክር ብቻ የሚገባበት ቤት አይደለም። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ምሳ ይበሉበታል፤ ሽማግሌው ከነውሻው ምድጃ ዳር ጋዜጣ ያነባል። ለስላሳ ይዞ ቢውልም ቀና ብሎ የሚያየው የለም።

ነገሩም ለእኛ ባዳ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን እዚህ አገር ቢራ በአብዛኛው የሚጠምቁት ሴቶች ነበሩ፤ ያውም በየቤታቸው። ጠመቃው ሲደርስ ደጃፋቸው ላይ ጫፉ ቅጠል የታሰረበት ረጅም እንጨት ያቆማሉ። ጠላ ቤት ደጅ ላይ ጣሳ የተደፋበትን እንጨት የምታውቁ አሁን ፈገግ ብላችኋል። በየመንደሩ ፐብ ደጅ የምታዩት የነጭ አጋዘን ምልክትም የንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ ዓርማ ነበር። ሮያል ኦክ የሚባሉት ፐቦች ደግሞ በ1651 ቻርለስ 2ኛ ከጦርነት ሸሽቶ የተደበቀበትን ዛፍ ያስታውሳሉ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ከምሳ በኋላ አውቶቡሱ ብሬትፎርተን መንደር፣ ፍሊስ ወደሚባለው ቤት ይወስደናል። የዱሮ ገበሬ ቤት ነው፤ ፐብ የሆነው በ1848 ነው። የመጨረሻዋ ባለቤት ሎላ ታፕሊን በ1977 ሲሞቱ ቤቱን ናሽናል ትረስት ለሚባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ተናዘዙ። በ2004 የሣር ክዳኑ ተቃጥሎ እንደገና ተሠርቷል። ምድጃው ፊት ወለሉ ላይ ነጭ ክቦች ታያላችሁ፤ ጠንቋይ በጭስ ማውጫው እንዳይገባ የተሳሉ ናቸው። ቡዳ የምንፈራው እኛ ብቻ አይደለንም ለካ!

ስለ ምግቡ፦ በዓለ ሃምሳ ላይ ስለሆንን ጾም የለም። የዚህ አካባቢ ኩራት አስፓራገስ የሚባለው አትክልት ነው፤ ወቅቱ በእነሱ ጊዮርጊስ፣ ኤፕሪል 23፣ ይጀምርና ጁን 21 ገደማ ያበቃል። በቅቤ ሞክሩት። ሃላል ለምትበሉ ዓሣና አትክልት አለ። «የገበሬ ምሳ» የሚሉት ዳቦና አይብም አለ፤ ስሙን ያገነነው ግን በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የአይብ ሻጮች ማስታወቂያ መሆኑን ልንገራችሁ። ምግቡን ባንኮኒው ጋ ሄዳችሁ ታዝዛላችሁ፣ እዚያው ትከፍላላችሁ። አጨብጭቦ አስተናጋጅ መጥራት እዚህ አይሠራም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ገጠር ፐቦች በብዛት እየተዘጉ ነው፤ የሱፐርማርኬት ቢራ ረክሷል፣ ኪራዩና የመብራቱ ወጪ ከብዷል። አንዳንድ መንደሮች ግን ቁጭ ብለው አላዩም። ካምብሪያ ውስጥ ሄስኬት ኒውማርኬት የሚባል ትንሽ መንደር አለ፤ ኦልድ ክራውን የተባለውን ፐብ ከ2003 ጀምሮ በኅብረት ሥራ ማኅበር ይዘውታል። በ2011 የወጣው ሕግ ደግሞ አንድ ቤት ለማኅበረሰቡ የሚጠቅም ተብሎ ከተመዘገበ፣ ባለቤቱ መሸጥ ሲፈልግ ነዋሪው ገንዘብ እንዲያሰባስብ እስከ ስድስት ወር ጊዜ ይሰጣል። ባለቤቱ ለእነሱ የመሸጥ ግዴታ የለበትም፤ ጊዜው ግን ትልቅ ነገር ነው።

እኛ ዕቁብና ዕድር ይዘን የመጣን ሰዎች እስከ ዛሬ የሰው አዳራሽ እንከራያለን። ሦስተኛው አጀንዳ በአክሲዮን የራሳችንን ቤት ስለመግዛት ነው። እኔ ደጋፊ ነኝ፤ ገንዘብ ያዣችን አይደሉም፤ ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ሁለታችንንም ስሙን።

አሁን የሒሳብ ሪፖርቱን እንዲያቀርቡ መድረኩን ለገንዘብ ያዣችን እለቃለሁ። ምሳ ያላዘዛችሁ እስከ ስድስት ሰዓት እዘዙ፤ ወጥ ቤቱ ከዚያ በኋላ አይቀበልም።