የካምቢዮ ዘይት ግፊት ሴንሰር፦ ከመቀየራችሁ በፊት ለኩ!

ሰላም ሰላም! እንዴት ናችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ግፊት ሴንሰር ነው። አዎ፣ ስንቱን ስላስለቀሰችው ስለዚያች ትንሽ ዕቃ።

ቼክ ኢንጅን በርቷል። መኪናው ማርሽ ሲቀይር ገጭ ያደርጋል። ወይ ዲ ላይ ስታስገቡት አስቦ አስቦ ነው የሚነሳው። ወይ አንድ ማርሽ ላይ ሙጭጭ ይልና ነዳጅ ብትረግጡም አይቀይርም። ስካነር ስትሰኩ ፒ0841፣ ፒ0842 ወይም ፒ0843 የሚል የስህተት ኮድ ይወጣል። ከዚያስ? «ሴንሰሩ ነው፣ ቀይረው!»

ቆይ! ቆይ እንጂ።

ደም ግፊት ስትለኩ አስቡት። ጨርቁ ክንዳችሁ ላይ ይታሰራል፣ ይነፋል፣ ጭምቅ ያደርጋችኋል፣ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ ዝቅ ብሏል እንበል። ግፊታችሁ እውነትም ወርዶ ይሆናል። መለኪያው ተበላሽቶም ይሆናል። ወይ ደግሞ ቱቦው አየር እያስወጣ ነው። ታዲያ ሐኪሙ መለኪያውን በመስኮት ይወረውራል? አይወረውርም። ወዲያው መድኃኒት ይጽፋል? እሱንም አያደርግም። ጨርቁን ፈትቶ እንደገና ያስራል። በሌላ መለኪያ ይደግማል። ፊታችሁን ያያል፣ ያዞራችሁ እንደሆነ ይጠይቃል። እንግዲህ ሴንሰሯ መለኪያው ናት። ሽቦውና ሶኬቱ ቱቦው ነው። ካምቢዮው እናንተ ናችሁ! ኮዱ የሚለው «ይሄ ቁጥር አልጣመኝም» ብቻ ነው። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አይናገርም። ይሄን ምሳሌ እወደዋለሁ፣ ገና እመለስበታለሁ፣ ቻሉኝ።

እና ባለፈው ቪዲዮ ስር ብዙዎቻችሁ «ግፊት ቀነሰ ካለ ዘይት ጨምርበት» ብላችሁ ጽፋችኋል። ኧረ በፈጠራችሁ! ግፊት ሌላ፣ መጠን ሌላ። የደም ግፊት መለኪያ ስንት ሊትር ደም እንዳላችሁ ይነግራችኋል? አይነግርም። ይህቺም ስንት ሊትር ዘይት እንዳለ አታውቅም። ደግሞ ፒ0842 የሚለው ከሴንሰሯ የሚመጣው ምልክት ዝቅ አለ ነው። የተቆረጠ ሽቦም ያንን ኮድ ሊያመጣ ይችላል።

እርግጥ ዘይት በጣም ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፣ ግፊት ይወርዳል። እስከዚህ ልክ ናችሁ። ግን ሳትለኩ ስትጨምሩ ዘይቱ ከልክ ያልፋል። የሚሽከረከሩት ዕቃዎች ይመቱትና አረፋ ያደርጉታል። አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፣ ግፊት አይዝም። ግፊት ልጨምር ብላችሁ ግፊት ቀነሳችሁ! ስለዚህ የመኪናው መመሪያ በሚለው መንገድ ለኩ። ብዙዎቹ ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩ በርቶ ነው የሚለኩት። አሽትቱትም። ጠቁሮ ተቃጥሎ ተቃጥሎ ከሸተተ ነገሩ ከሴንሰር ያለፈ ነው።

በነገራችን ላይ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። ነፃ ነው፣ ዘይትም አያስጨምርም።

አሁን ወደ ልኬቱ። ፈጠን ልበል፣ መልቲሜትር አያያዝ ታውቁበታላችሁ። ቁልፉን አጥፍታችሁ ሶኬቱን ንቀሉና ውስጡን በባትሪ መብራት እዩት። ፒኖቹ መሀል ዘይት ካለ ሴንሰሯ ራሷ እያፈሰሰች ሊሆን ይችላል። ባለ ሦስት ሽቦ ከሆነች ቁልፉን አብሩ፣ ሞተር አታስነሱ። ብዙ መኪና ላይ አንዱ ሽቦ 5 ቮልት፣ አንዱ ኔጌቲቭ ነው። 5 ቮልቱ ከሌለ ሴንሰሯን ተዉአት፣ ሽቦውን ተከተሉ። ካለ ሶኬቱን መልሱና ሦስተኛውን ሽቦ ለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ግማሽ ቮልት አካባቢ፣ ሲነሳ ከፍ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፓምፑ ቆሞ፣ እሷ ከፍተኛ ግፊት ካለቻችሁ ዋሽታለች!

ቀጥሎ ሁለተኛው መለኪያ። የካምቢዮውን የመፈተሻ ቀዳዳ ብሎን ፍቱና ሜካኒካል ጌጅ፣ ማለትም ባለ መርፌ የግፊት መለኪያ እሰሩ። ሪቨርስ ላይ ግፊት ስለሚያሻቅብ እስከ 300 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) የሚያነብ ይሁን፣ ሲቪቲ የሚባለው በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራው ካምቢዮ ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ይደገፍ። ሞተሩን አስነሱና አንብቡ። ጌጁ ደህና ግፊት አሳይቶ፣ ሽቦውም ደህና ሆኖ ሴንሰሯ ዝቅ ካለች፣ በሉ አሁን ቀይሯት። ጌጁም ዝቅ ካለ ግን አትንኳት፣ እውነቷን ነው። ፊልትሮ፣ ፓምፕ፣ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራው የዘይት ቫልቭ)፣ ቫልቭ ቦዲ (ዘይቱን የሚያከፋፍለው ክፍል) እዩ።

አንዳንድ መኪና ላይ ሴንሰሯ ካምቢዮው ውስጥ ናት፣ ዘይት ሳይወርድ አትገኝም። ከከፈታችሁት አይቀር ፊልትሮውንም ቀይሩ፣ ዘይቱም መመሪያው የሚጠይቀው ዓይነት ይሁን። ኮዱን አጥፉና ንዱት። ከተመለሰ ቁጥሩን ከነመኪናው ሞዴል ከስር ጻፉልኝ።