የኤ ሌቭል እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ፦ ነጥብ የሚገኘውም የሚፈሰውም የት ነው?

እንደምን አመሻችሁ ወላጆች፣ ተማሪዎች፣ ታላላቆቻችን።

ዛሬ ማታ የምናወራው እዚህ እንግሊዝ አገር ልጆች ከ16 እስከ 18 ዓመታቸው በኤ ሌቭል ደረጃ ስለሚማሩት የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው። «ልጄ ልቦለድ አንብቦ ምን ሊሆን ነው?» የሚለውን ስጋት አስቀድመን እናንሳው። ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ትምህርት ይይዛል። ሕግ ወይም ታሪክ የሚያስብ ልጅ በዚህ ትምህርት አይጎዳም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሥነ ጽሑፍ ላጥና የሚል ደግሞ ባብዛኛው ይህን ትምህርት ይጠየቃል። ህክምና የሚፈልግ ግን መጀመሪያ ኬሚስትሪውን ያስይዝ፤ ሥነ ጽሑፉ በተረፈው ቦታ ይግባ። በዚህ ላይ ከዚህ በላይ አንቆይም።

ፈተና አውጪዎቹ ብዙ ናቸው፦ ኤኪውኤ፣ ኦሲአር፣ ኤዴክሴል፣ ኤዱካስ። የጋራ ሕጋቸው ግን አንድ ነው። ተማሪው ቢያንስ 8 ሥራዎች ያነባል፤ ከነሱ ሦስቱ ከ1900 በፊት የወጡ መሆን አለባቸው፣ ከሦስቱም አንዱ የሼክስፒር። ከ2000 ወዲህ የወጣም ቢያንስ አንድ ይገባል። ከጠቅላላው ነጥብ 80 በመቶው በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ በሚሰጡ ፈተናዎች ይያዛል፣ 20 በመቶው በኮርስወርክ፣ ማለትም ተማሪው ከፈተና ክፍል ውጭ በሚጽፈው ሥራ።

ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩትን የኤኪውኤን «ኤ» ሥርዓተ ትምህርት እንውሰድ። የመጀመሪያው የፈተና ወረቀት 3 ሰዓት ነው፤ ሦስት ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ 25 ነጥብ። አንዱ ስለ ሼክስፒር፣ አንዱ ተማሪው አይቷቸው ስለማያውቅ ሁለት ግጥሞች፣ ሦስተኛው ሁለት ሥራዎችን ማወዳደር። ለጥያቄ አንድ ሰዓት ማለት ነው። አሥር ደቂቃ ማሰቢያ፣ አርባ አምስት መጻፊያ፣ አምስት ማረሚያ። ለመጀመሪያው ጥያቄ ሰዓት ተኩል ሰጥቶ ማወዳደሪያውን በግማሽ ገጽ የሚዘጋ ተማሪ የቱንም ያህል ቢያውቅ ነጥቡ ይወርዳል።

ከ25ቱ 7 ለክርክሩና ለአጻጻፉ ነው። ስድስቱ ደራሲው ትርጉሙን በምን ዘዴ እንዳበጀው ለማሳየት፣ ሌላ 6 ለዘመኑና ለሁኔታው፣ 3 ሥራውን ከሌሎች ጋር ለማያያዝ፣ 3 ደግሞ ለልዩ ልዩ አተረጓጎም። ታሪኩን ለመተረክ የተመደበ ነጥብ የለም። ልጆቻችን ብዙ ነጥብ የሚያፈሱት እዚህ ነው፤ ስለ ሼክስፒር ተውኔት ስለ «ኦቴሎ» ሲጠየቁ «ከዚያ ኢያጎ መሐረቡን ወሰደ፣ ከዚያ ኦቴሎ ተናደደ» እያሉ ሁለት ገጽ ይሞላሉ።

ታዲያ ምን ይጻፍ? በተውኔቱ የጦር አለቃው ኦቴሎ፣ በሥሩ ባለው ተንኮለኛ በኢያጎ ጉትጎታ፣ ሚስቱን ዴዝዴሞናን ከምክትሉ ከካሲዮ ጋር ይጠረጥራል። ሦስተኛ ገቢር፣ ሦስተኛ ትዕይንትን እንውሰድ። ኦቴሎ ስለ ካሲዮ ይጠይቃል፦ «ታማኝ አይደለም እንዴ?» ኢያጎ ይመልሳል፦ «ታማኝ፣ ጌታዬ?» ኦቴሎ፦ «ታማኝ፣ አዎ ታማኝ!» ኢያጎ «ጌታዬ፣ እኔ እስከማውቀው» ሲል ኦቴሎ ወዲያው «ምን ታስባለህ?» ይለዋል፤ ኢያጎም «አስባለሁ፣ ጌታዬ?» ይላል። ልብ በሉ፣ ኢያጎ እዚህ ላይ ማንንም አልከሰሰም። ቃሉን ተቀብሎ በጥያቄ ቃና መመለስ ብቻ ነው ሥራው፤ ጥርጣሬውን የሚሞላው ኦቴሎ ራሱ ነው። እንግሊዝኛውን ስትቆጥሩት ደግሞ አሥር ቀለም (ክፍለ ቃል) ያለው አንዱ ስንኝ ለሁለት ተከፍሏል፤ «ጌታዬ፣ እኔ እስከማውቀው» ብሎ ኢያጎ ስድስቱን ይላል፣ «ምን ታስባለህ?» ብሎ ኦቴሎ በአራቱ ይሞላለታል። የአንዱን ስንኝ ሌላው እየጨረሰ ነው። ይህን በአራት ዐረፍተ ነገር የጻፈ ልጅ ታሪኩን በሁለት ገጽ ከተረከው ይበልጣል።

«ታማኝ» ያልነው የእንግሊዝኛ ቃል በዚያ ዘመን ለወንድ ሲሆን እውነተኛ፣ ለሴት ሲሆን ንጽሕት ማለት ነበር። እዚያው ትዕይንት ላይ ኦቴሎ ስለ ዴዝዴሞና ሲጠቀምበት ትርጉሙ ዞሯል። ሰምና ወርቅ እየሰማ ላደገ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ልጆቻችን ይህን ጆሮ ይዘው ክፍል መግባት ይችላሉ።

ስለ ዘመኑ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ እንደ ተለጠፈ ቁራጭ ሆኖ ይመጣል፦ «በኤልሳቤጥ ዘመን ሴቶች መብት አልነበራቸውም።» ስሕተቱ ድርብ ነው። ኤልሳቤጥ በ1603 አርፋለች፤ ኦቴሎ መድረክ ላይ መቅረቡ መጀመሪያ የተመዘገበው በ1604፣ በንጉሥ ጄምስ ዘመን ነው። ከዚያም በላይ ዐረፍተ ነገሩ ከየትኛውም ቃል ጋር አልተሳሰረም። ይልቅ ይህን እዩ፦ በተውኔቱ ውስጥ ማዕበል የቱርክን መርከቦች በትኖ ቆጵሮስ ትድናለች፤ ተመልካቹ ግን ደሴቲቱ በ1571 በቱርኮች እጅ እንደወደቀች ያውቃል። ድሉ ገና ሲበሰር ጥላ አጥልቶበታል።

ሐያሲ መጥቀስም አይብዛ፤ ሦስት ነጥብ ነው። ብራድሊ በ1904 ኦቴሎን የተከበረ ጀግና አድርጎ ያየዋል፣ ሊቪስ በ1937 ራሱን የሚያፈቅር ሰው ይለዋል። ሁለቱን አጋጭቶ የራስን ፍርድ መስጠት ይበቃል።

በሼክስፒሩ ጥያቄ ላይ ምንባቡ ወረቀቱ ላይ ይሰጣል፣ መጽሐፉ ግን አይገባም። ስለዚህ ጥቅስ በቃል ይያዛል፤ ረጅም ሳይሆን ከሦስት እስከ አምስት ቃል፣ ለአንድ ተውኔት ሃያ አምስት ያህል። በካርድ ላይ ፊቱ ጥቅሱ፣ ጀርባው ማን ለማን፣ መቼ፣ የትኛው ቃል ምን እንደሚሠራ። ጀርባው ባዶ የሆነ ካርድ ፈተና ላይ አይረዳም። ላልታየ ግጥም ደግሞ ልምምድ እንጂ ሽምደዳ አይሠራም፦ በሳምንት አንድ ጥንድ፣ ሰዓት ተይዞ።

ኮርስወርኩ 2,500 ቃል ነው፤ የሁለት የተለያዩ ደራስያን ሥራዎች ይነጻጸሩበታል፣ አንዱ ከ1900 በፊት። ብዙው የሚበላሸው ገና ርእሱ ላይ ነው። «ሴቶች በሁለት ልቦለዶች» የሚል ርእስ የትም አያደርስም። «ዝምታ ለባለታሪኳ መሸሸጊያ ነው ወይስ ቅጣት?» ቢሆን ክርክር ይኖረዋል። ተማሪው ሥራው የራሱ መሆኑን ፈርሞ ነው የሚያስረክበው፤ ሰው ወይም ማሽን ጽፎለት ከተያዘ ውጤቱ እስከ መሰረዝ ይደርሳል።

እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ወላጆች፣ እናንተም ሥራ አላችሁ። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን የአማርኛ ኦቴሎ ያገኘ ያንብበው። ልጁ አንዱን ትዕይንት በአማርኛ ይንገራችሁ፣ እናንተ «ምን ሆነ?» ብላችሁ አትለፉት፤ «ምን ብሎ ተናገረ? ለምን በዚያ ቃል?» በሉት። መልስ ካጣ ያንን ገጽ መልሶ ማንበብ አለበት።

በዚህ ሳምንት ከትምህርት ቤቱ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ፈተና አውጪው ማን እንደሆነ፣ የትኞቹ መጻሕፍት ፈተና ክፍል እንደሚገቡ፣ የኮርስወርኩ የውስጥ ቀነ ገደብ መቼ እንደሆነ። ወደ ፈተና የሚገባው መጽሐፍ ምንም ያልተጻፈበት መሆን ስላለበት፣ ለማስታወሻ ሌላ ቅጂ ከአሁኑ ግዙ። እስቲ ጥያቄያችሁን እንስማ።