«ቤተ ክርስቲያን በደመወዝ ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረጋት?»

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ መኪና ማቆሚያ ነው የምሠራው። የሠራተኛ ማኅበር ልናቋቁም ስንነሣ ቄሳችን ያሉን ይኼንኑ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግስ የሃይማኖት ሰው አልነበሩም እንዴ?

መልስ፦ ነበሩ፤ የተገደሉትም ለደመወዝተኞች ሜምፊስ ሄደው ሳሉ ነው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. ሁለት ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ዝናብ ሸሽተው መኪናው ጀርባ ውስጥ ተጠለሉ። መጭመቂያው ድንገት ተነሥቶ ጨፈለቃቸው። ከ11 ቀን በኋላ 1,300 ያህል ጥቁር ሠራተኞች ሥራ አቆሙ።

የከተማው ፓስተሮች ግን ገና ከመነሻው ሆ ብለው አልወጡም። ፌብሩዋሪ 23 ፖሊስ ሰልፈኛው ላይ የሚያቃጥል ጋዝ ሲረጭ እነሱም አልቀረላቸውም። በማግስቱ ተሰብስበው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ሜቶዲስቱን ጄምስ ሎሰንን ሰብሳቢ አደረጉ። ከዚያ ክሌይቦርን ቴምፕል የተባለው ቤተ ክርስቲያን የሰልፉ መነሻ ሆነ፤ በየቤተ ክርስቲያኑም ለአድመኞቹ ቤተሰብ ምግብና ገንዘብ ተዋጣ። ከንቲባ ሄንሪ ሎብ አጥብቀው እምቢ ያሉት ለማኅበሩ ዕውቅና መስጠትና መዋጮውን ከደመወዝ መቁረጥ ነበር። (ዕድር ላለው ሰው ይኼን ማስረዳት አያስቸግርም፤ መዋጮ ከሌለ ማኅበር የለም።) ኪንግ ኤፕሪል 4 ተገደሉ፤ ስምምነቱ ኤፕሪል 16 ተደረሰ። ማኅበሩ ታወቀ፣ በሰዓት 10 ሳንቲም፣ ኋላም 5 ሳንቲም ተጨመረ።

ጥያቄ (ከሎስ አንጀለስ፣ የሆቴል ጽዳት ሠራተኛ)፦ ያ የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ነው። እኛን ስደተኞቹን ምን ያገናኘናል?

መልስ፦ እኒያው ሎሰን ያገናኙዎታል! በ1974 እርስዎ ከተማ ገብተው አገለገሉ፤ ብዙዎቹ ስደተኛ የሆኑ የሆቴልና የጽዳት ሠራተኞችን ያለ ዓመፅ መታገልን አስተማሩ። በ1996 የተለያየ ሃይማኖት አገልጋዮችን ለሠራተኛ መብት ያሰባሰበ ማኅበር ሲቋቋም እሳቸውም ነበሩበት። በ1998 በፋሲካ ሰሞን እነዚሁ አገልጋዮች ቤቨርሊ ሂልስ ወርደው፣ ውል ለፈረሙ ሆቴሎች ወተትና ማር፣ ላልፈረሙት መራራ ቅጠል ይዘው ሄዱ። እኔን ከስብከት ሁሉ ይልቅ ያቺ መራራ ቅጠል ትገርመኛለች።

ጥያቄ፦ ቤተ ክርስቲያን ከግብር ነጻ መሆኗን አታጣም?

መልስ፦ ሕጉ የሚከለክለው በምርጫ ለዕጩ መቀስቀስን ነው፤ ስለ ደመወዝ መናገርን ወይም አዳራሽ ማዋስን አይደለም። ማኅበር የሚያቋቁመውን ሠራተኛም የ1935ቱ የፌዴራል የሠራተኛ ሕግ ይጠብቀዋል፤ ተቀጣሪ ሳይሆን በግሉ ኮንትራት ለሚነዳ ሾፌር ግን አይሠራም። የቨርጂኒያው ወንድሜ፣ ቄሱን ስብከት አይጠይቋቸው፤ የሰኞ ማታን አዳራሽ ይጠይቋቸው። እሑድማ የእናንተ ሰው ግማሹ ሥራ ላይ ነው።